ደብዳቤ ለልጄ፦ አታብዢው

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አክስትሽ ደውላ ነበር። ጾሙ ሲገባ የዕለቱን ዳዊት በሙሉ ስትደግሚ፣ በላዩም ስትሰግጂ ከርመሽ አሁን መጽሐፉን እንኳ እንደማትገልጪው ነገረችኝ። ድሮም የምፈራው ይኼንኑ ነው። አታብዢው።

የሰኞ ዳዊት ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60 ነው። ከተረኝነት ወጥታ እግሯ ላበጠ ነርስ አንድ ንጉሥ፣ አሥሩ መዝሙር እንኳ ይከብዳል። አንድ መዝሙር ድገሚ፤ ነገም አንድ።

ስትነሺ ፊትሽን ታጠቢ፣ ነጠላሽን አጣፊ፣ ወደ ምሥራቅ ቁሚና አማትቢ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያ መዝሙሩ። ሰዓት ከረፈደብሽ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ብለሽ ውጪ፤ ምንም ሳትዪ ግን እንዳትወጪ። ግእዙ ካልገባሽ በአማርኛ አድርሺው። አልጋ ላይ ሆነሽ አትጀምሪ፣ እንቅልፍ ይቀድምሻል። ከስልክ የምታነቢ ከሆነ ኢንተርኔቱን ዝጊው፤ መልእክት ሲመጣ ዓይንሽ ይሄዳል፣ ልብሽም ይከተለዋል። ስግደቱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ልክ የሚሰጡሽ እሳቸው ናቸው። በሰንበትማ ስግደት የለም፣ ማን እንዳስተማረሽ እንጃ።

ሥራ ቦታ መጽሐፍ አያስፈልግሽም። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ መውረዱን፣ በ6 መሰቀሉን፣ በ9 ነፍሱን መስጠቱን አስቢ። እጅሽን በታጠብሽ ቁጥር «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ። በመቁጠሪያ 41 ጊዜ የሚባለውን ለቤት አቆዪው፤ መድኃኒት እየለካሽ ሌላ ቁጥር አትቁጠሪ! የሌሊት ተረኛ ስትሆኚ መንፈቀ ሌሊት ነቅተሽ ያገኝሻል፤ ሌላው ከእንቅልፍ ታግሎ የሚነሣበት ሰዓት ነው። በሽተኛ ከጠራሽ ግን አቋርጠሽ ሂጂ።

በእስክንድርያ አቅራቢያ የነበሩትን አባ ሉክዮስን ታስታውሻለሽ? «እኛ ሥራ አንነካም፣ ሳናቋርጥ እንጸልያለን» የሚሉ መነኮሳት መጡባቸው። «አትበሉም?» ቢሏቸው «እንበላለን» አሉ። «ስትበሉ ማን ይጸልይላችኋል? ስትተኙስ?» መልስ አጡ። አባ ሉክዮስ ግን ሰሌን ነክረው ገመድ እየታቱ «አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ይሉ ነበር፤ መዝሙር 50ን ማለት ነው። ገመዱን ሸጠው ሁለት ሳንቲም ደጃፍ ላይ ያኖራሉ። ያን የወሰደ ድኻ እርሳቸው ሲበሉና ሲተኙ ይጸልይላቸዋል። አየሽ፣ ገመዱም ጸሎቱም አልተቋረጠም። አንቺ ደግሞ ደመወዝ በተቀበልሽ ቀን ዐሥራቱን ለይተሽ አስቀምጪ፣ ቆይ ካልሽ ያልቃል።

ሽሮና በርበሬ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ፤ ዓርብ ከመናኸሪያ ውሰጂ። በርበሬውን ፀሐይ አስነክተሽ ክዳኑን አጥብቂ፣ እርጥብ ማንኪያ አይግባበት።

ንስሐ አባትሽ ጋ ሳትደውዪ እሑድ እንዳትደርሺ። «ከነገ ጀምሮ ሰባቱንም የጸሎት ሰዓት» እንዳትዪያቸው ደግሞ። አንድ መዝሙር አልኩሽ።

እናትሽ