ቢጫዋ ካሸር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣ ከኋላ ገጽ ከሚጀምሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስፖርቱን እጨርስና ወደ ፊት እመለሳለሁ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ባንክ ቤት ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ሥልጠና ላይ የተቀመጥኩበትን ሰዓት ብደምረው አንድ ዲግሪ ይወጣዋል፣ ከዚያ ውስጥ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረውን ብጽፈው ግን ግማሽ ገጽ አይሞላም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኔ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ፋሽኑ የአእምሮ ሳይንስ ሆኗል። ድሮ «የደንበኛ አያያዝ» ይባል የነበረው ሥልጠና ዛሬ ከፊቱ «ኒውሮ» የምትል ቃል ትገባለትና ዋጋው ይጨምራል። እኛንም አንድ ቅዳሜና እሁድ አዳማ ወሰዱን። አዳራሹ ጥሩ ነው፣ ምሳውም ጥሩ ነው፣ አሠልጣኙም ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሰውየውን ልወቅሰው አልፈልግም፣ የተማረውን ነው ያስተማረን። ጠዋት 40 ጥያቄ ያለው ወረቀት አደለን። «ዕቅድ ያስደስትሃል ወይስ ያሰለችሃል?» ዓይነት ጥያቄ ነው። ነጥቡን ደመርንና ከሻይ በኋላ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። የግራ አእምሮ ሰዎች በግራ፣ የቀኝ አእምሮ ሰዎች በቀኝ። ከሰዓት ደግሞ ወደ አራት ቀለም ተቀየርን። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ። ሁለተኛው ቀን ማታ እያንዳንዳችን ቀለማችን የታተመበት ሰርተፊኬት ይዘን፣ እየሳቅን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን።

ሳቁ ሰኞ ጠዋት አለቀ። ከኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ካሸር አለች። ክራር ትጫወታለች፣ ስትስቅ ቅርንጫፉን ታናውጠዋለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ አበባ አይጠፋም። የወጣላት ቢጫ ነው፤ ባለ ፈጠራ፣ የቀኝ አእምሮ ሰው ማለት ነው። እሷም ደስ ብሏት ነበር። የኛ አለቃ ግን ነገሩን ከምሩ ያዘው። ለብድር ክፍል ሰው ሲፈለግ ስሟ ተነሣና «እሷ እኮ ቢጫ ናት፣ ቁጥር አይሆንላትም» ብሎ አለፋት። ልብ በሉልኝ። ይቺ ልጅ እኔ እስከማውቀው ድረስ አንድም ቀን ሾርቴጅ (የብር ጉድለት) አጋጥሟት አያውቅም። ማታ ሁላችንም ባላንስ ለማድረግ ስንራኮት እሷ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀናለች። የብዙ ዓመት ሥራዋ በ40 ጥያቄ ተሰረዘ።

እልህ ያዘኝና ማንበብ ጀመርኩ። ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ግን ያገኘሁት ነገር ለመረዳት የሚከብድ አይደለም።

የግራና የቀኙ ወሬ ከእውነተኛ ሳይንስ ነው የተነሣው። ሮጀር ስፔሪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባድ የሚጥል በሽታ የነበረባቸውን ሰዎች አጥንቷል። በሽታው እንዲቀልላቸው ሲባል ሁለቱን የአእምሮ ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠላቸው ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ላይ ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ ሥራ እንደሚበረቱ አሳየ፤ ለምሳሌ በአብዛኛው ሰው ቋንቋ ወደ ግራው ያጋድላል። በ1981 (የጥናቶቹን ዓመት ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው) ኖቤል ሸለሙት፣ ይገባዋል። ታዲያ ስፔሪ ያጠናው ድልድዩ የተቆረጠባቸውን ነው። የኔና የናንተ ድልድይ አልተቆረጠም፤ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ክር ቀን ከሌት ወዲህና ወዲያ ይመላለስበታል። በ2013 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአእምሮ ምስል ሲመረምሩ «ይሄ የግራ ሰው ነው፣ ያቺ የቀኝ ናት» የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። ክራር ስትመታም ብር ስትቆጥርም ያቺ ልጅ የምትሠራው በሁለቱም ነው።

አራቱ ቀለሞችስ? እነሱ የመጡት ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት ነው። ኔድ ኸርማን የሚባል ሰው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ የሥራ አመራር ሥልጠና ኃላፊ ነበር፤ ሰው እንዴት ማሰብ እንደሚመርጥ ለመነጋገር እንዲመች ብሎ ነው ያዘጋጀው። ለመነጋገሪያ ክፋት የለውም። እኔ ዝርዝር እወዳለሁ፣ አንተ ጠቅላላውን ማየት ትወዳለህ፣ ይህን አውቀን ብንግባባ ማን ይጠላል? መውደድና መቻል ግን ለየቅል ናቸው። ወረቀቱ የጠየቃት ምን እንደምትወድ ነው፣ አለቃችን ያነበበው ምን እንደማትችል ነው።

«እኔ በማየት ነው የሚገባኝ፣ አንቺ በመስማት» የሚባለውም ያው ነው። በ2008 አራት ስመ ጥር የትምህርት ሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እስከዚያ የተሠራውን ጥናት ሰብስበው አዩት። ሰውን በሚወደው መንገድ ስላስተማሩት የተሻለ ይማራል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም አሉ። በ2012 በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ መምህራን ሲጠየቁ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ነገሩን እንደ እውነት ይዘውታል። ስለዚህ እኛ ብቻ አይደለንም የተሸወድነው፣ ይሄ ትንሽ አጽናንቶኛል።

እሺ፣ ታዲያ ሰው ሥራ ላይ በምን ይማራል? እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት፤ ምክንያቱም መልሱ የቆየ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አዳማም አያስኬድም።

ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በራሱ ላይ ሞክሮ በ1885 ያሳተመው ነገር አለ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት በቃሉ እያጠና ስንቱን እንደሚረሳ ለካ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። እየተመላለሱ ሲያጠኑት ግን መርሳቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተማሪዎችን ሁለት ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱን ደግመው አነበቡት፣ በሌላው ግን ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ዘግተው ከጻፉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካነበቡት ግን 42 ላይ ቀሩ። የኛ ሥልጠና የሚመዘነው መቼ ነው? እሁድ ማታ፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ። «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» «እጅግ በጣም ጥሩ» እንሞላለን። ሳምንቱ ሲያልቅ የሚጠይቀን የለም።

ይህን ለአጎቴ ነገርኩት። አጎቴ በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ ቆሎ ተማሪ ነበር፣ ቅኔ ቤት ደርሶ ነው ያቋረጠው። ሳቀብኝ። «ታዲያ ይሄን ፈረንጅ ነው የነገረህ?» አለኝ። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከራሱ ያወጣል ማለት ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርሙታል፣ አንዳንዴም ጓደኞቹ ፊት ያሳፍሩታል። የቃል ትምህርቱ ደግሞ ማታ በጨለማ ነው፤ መጽሐፍ ቢኖርም አይታይም፣ ከጭንቅላት ካልወጣ የለም። ዳዊትም «ይደገማል» እንጂ «ይነበባል» ሲባል ብዙም አልሰማሁም። በእርግጥ አጎቴ የኩርኩሙንም ታሪክ ነግሮኛል፣ እሱን እንመልሰው እያልኩ አይደለም። ማሳፈሩንም ቢሆን እዚያው ይተዉልን። ግን ከራስ ማውጣት፣ ቶሎ መታረም፣ በየቀኑ መመላለስ፤ ይሄን ያጣነው ፓወር ፖይንት ከመጣ ወዲህ ነው።

አሁን ቅርንጫፋችን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በ2016 ሐምሌ (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የውጭ ምንዛሬው በገበያ ዋጋ ይወሰን ሲባል መመሪያው በላይ በላዩ መጣ። ሁሉም በኢሜይል ተላከልን፣ ሁላችንም «አንብቤአለሁ» ብለን ፈረምን። ከዚያ አንድ ቀን ከቤሩት የመጣች አንዲት እህታችን መስኮቱ ጋ ቆማ በያዘችው ዶላር ምን ማድረግ እንደምትችል ጠየቀች። ሦስት ሆነን ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠናት። ዝም ብላ አየችንና «እናንተ ተስማሙና ነገ ልምጣ?» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ በሩ ከመከፈቱ በፊት አሥር ደቂቃ መቆም ጀመርን። ወረቀት የለም፣ ስላይድ የለም። አንድ ሰው ሦስት ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የትናንት፣ አንዱ ያለፈው ሳምንት፣ አንዱ የወሩ። በቃል እንመልሳለን፣ ከዚያ መመሪያው ተከፍቶ ይታያል። የተሳሳተ ሰው ላይ መሳቅ ክልክል ነው፤ የሳቀ ቡና ይጋብዛል። ጋሼ የምንላቸው የቅርንጫፋችን አንጋፋ መጀመሪያ ተቆጡ። «በዚህ ዕድሜዬ ጥያቄና መልስ ልታጫውቱኝ ነው?» አሉ። በሁለተኛው ወር ግን ከሁላችንም የከበደ ጥያቄ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ሆኑ፣ ማታ ቤታቸው ቁጭ ብለው እንደሚያዘጋጁት ባለቤታቸው ነግረውናል። የሚገርመው፣ ጥያቄ ለማዘጋጀት ብለው መመሪያውን ከማንም በላይ ያወቁት እሳቸው ናቸው።

ስለ ተነሣሽነት ሳልናገር ብጨርስ ደግሞ አበሉን ሸሸህ ትሉኛላችሁ። አልሸሽም። አዳማ የሄድነው ለአበሉ ነው። «ሥልጠና አለ» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ነው?» ነው፣ ሁለተኛው «ስንት ቀን?» ነው፣ ርእሱን አውቶብስ ውስጥ ነው የምንሰማው። አሠልጣኙ «ገንዘብ ሰውን አያነሣሣም» ብሎ አንድ ጥናት ጠቀሰልን፤ እንቆቅልሽ ሲፈቱ ብር የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም ለጨዋታው የነበራቸው ፍላጎት ቀነሰ የሚለውን። ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ያሳተመው ነው፣ እውነት ነው። ግን እነዚያ ተማሪዎች የሚፈቱት ደስ የሚል እንቆቅልሽ ነው፣ እኛ የምንቆጥረው የሰው ብር ነው፤ በዚያ ላይ የቤት ኪራይ አለ። ደመወዙ ወር ሳይደርስ ለሚያልቅበት ሰው «ከውስጥ ተነሣሣ» ማለት ነውር ነው ባይ ነኝ። ዴሲና ባልደረባው ራያን በኋላ የጻፉትን ያነበበ ሰው ሌላም ያገኛል፤ ሰው በሥራው የራሱ ውሳኔ ሲኖረው፣ እየቻለ እንደሆነ ሲሰማው፣ ከሰው ጋር ሲቀራረብ ነው ልቡ የሚነሣው። ጋሼን ያስነሣቸው ምን ይመስላችኋል? አበል የለበትም፣ ሰርተፊኬት የለበትም። ጥያቄውን እሳቸው መረጡ፣ አወቁት፣ ወጣቶቹም «ጋሼ፣ ይሄስ እንዴት ነው?» ማለት ጀመሩ።

ስለዚህ የሥልጠና በጀት ለሚያጸድቁ ሰዎች የምለው አንድ ነገር ነው። የሁለት ቀኑን ሆቴል ሙሉ በሙሉ ተዉት አልልም፣ ሰው ከመስኮቱ ወጣ ብሎ ቢተነፍስ ደግ ነው። ግን የገንዘቡን ግማሽ ለቅርንጫፍ ስጡ፤ ጥያቄ የሚያዘጋጅ፣ ከወር በኋላ መጥቶ «ምን ቀረ?» የሚል ሰው መድቡበት። የቀለሙን ውጤት ደግሞ ከሰው ማኅደር ውስጥ አውጡት። ለሳቅ ይሁን፣ ለዕድገትና ለዝውውር ግን አይሁን። የሰው ችሎታ መለካት ካስፈለገ ሥራውን ስጡትና እዩት።

ያቺ ካሸር በዚህ ወር ለኦዲት ክፍል የወጣ የውስጥ ማስታወቂያ አይታ ተመዘገበች። ቅጹ ላይ «የወሰዱትን ሥልጠና ሰርተፊኬት ያያይዙ» የሚል አለ። የአዳማውን ቢጫ ሰርተፊኬት ይዛ መጣችና «ላያይዘው ወይስ ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተይው ባክሽ» አልኳት። ሳቀች፣ እንደ ልማዷ ቅርንጫፉን አናወጠችውና ከላይ አድርጋ አያያዘችው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ