ናሙናዎቼን ለጭቃ መደልደያ ላዋሉት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ኃላፊ፣

በጸሐፊዎም በመዝገብ ቤትዎም በኩል ያስገባሁት አቤቱታ መልስ ስላጣ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ። ስምዎንም መሥሪያ ቤትዎንም አልጠቅስም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ አናቱ ከየንብርብሩ እየፈለጥኩ የሰበሰብኳቸው ድንጋዮች፣ ለምርመራ ወደ ውጭ የሚላኩበት የመሸኛ ደብዳቤ እስኪጻፍ በንብረት ክፍልዎ እንዲቆዩ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ክፍሉ ለወንበር ማስቀመጫ ሲፈለግ ከረጢቶቹ ተፈቱ፤ ድንጋዮቹም የግቢውን በር ጭቃ እንዲደለድሉ ተደፉ። አንዱን ከመኪና ጎማ ሥር አነሣሁት። «ከታች ሦስተኛ» ከሚለው ወረቀት ግማሹ ተልጦ ግማሹ ተጣብቆ ቀርቷል። የሌሎቹ ጨርሶ የለም። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ጦሳ ድንጋይ አለቀበት እንዴ?» የሚል ነው።

አላለቀበትም። የጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው። በሙያው ለተመረቀ ሰው ይህን ማስረዳት ድፍረት ቢሆንም ለአንባቢ ስል ልበለው፦ ላቫ ቀልጦ ሲፈስ በውስጡ ያለው የአርጎን ጋዝ ያመልጣል። ከረጋ በኋላ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 የተባለ ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ወደ አርጎን 40 እየተለወጠ ጋዙ እንደ አዲስ ይጠራቀማል፤ የፖታሲየሙ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የደጋችን ባዛልት፣ ማለትም ከላቫ የረጋው ጥቁር ድንጋይ፣ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደፈሰሰ የታወቀው በዚህ ልኬት ነው። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል ስንት ዘመን እንዳለፈ ግን የሚታወቀው የትኛው ድንጋይ በየትኛው ላይ እንደተኛ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ማኅተምዎ ያረፈበት ደብዳቤ ደግሞ «በካርቦን ለምን አይለካም?» ይላል። ሬዲዮካርቦን የሚለካው ሕይወት የነበረውን ነገር ነው፤ ያውም እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ። ጦሳ ግንድ አይደለም፣ ክቡርነትዎ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ «ከ12 ሺህ ዓመት እንቅልፉ ነቃ» ተብሎ አገር ሙሉ ተወራ። ያ ቁጥር ግን ከድንጋይ የተለካ ዕድሜ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ውስጥ የታወቀ ፍንዳታ የለም ማለት ብቻ ነው። ሳይለካ የቀረ ተራራ ታሪኩ በግምት ይሞላል።

አሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አዲስ ናሙና ከማንሣቴ በፊት የመሸኛ ደብዳቤው ተፈርሞ ይሰጠኝ። ድንጋዮቹን ማን እንዳስደፋም በጽሑፍ ይገለጽልኝ፤ ለጥናቱ ገንዘብ ለሰጡኝ ሰዎች በማቀርበው ሪፖርት ላይ «ናሙናዎቹ ያሉበት ቦታ» በሚለው ረድፍ «የቢሮ በር» ብዬ መጻፍ አልችልም።

አንድ የጂኦሎጂ መምህር
ደሴ