የጨዋታችን ዘመን ስለ ማጠሩ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ስለ አክሱም የሠራነው የስትራቴጂ ጌም ከወጣ ወዲህ የደረሱንን መልእክቶች አንድም ሳላስቀር ራሴ አንብቤአለሁ። ስናስተዋውቅ ከአክሱም መንግሥት በፊት ከነበረው ከየሓ ቤተ መቅደስ ዘመን እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመኑ ንጉሥ አርማህ እንደሚዘልቅ ተናግረን፣ ለገበያ ያቀረብነው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ270 እስከ 525 ዓ.ም. ያለውን ብቻ በመሆኑ ብዙዎቻችሁ አዝናችኋል። አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ደንበኞች ለውጡን ጌሙን ከከፈታችሁ በኋላ ማወቃችሁ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ከስንፍና ቆርጣችሁ ጣላችሁት» የሚለውን ግን ልቀበለው አልችልም።

በጌማችን አንድ ተራ፣ ማለትም ተጫዋቹ አንዴ ወስኖ የሚያልፍበት ዙር፣ ግማሽ ዓመት የሆነው ነፋሱ አስገድዶን ነው። ከአክሱም የቀይ ባሕር ወደብ ከአዱሊስ የተነሣ መርከብ ወደ ህንድ የሚሻገረው በክረምቱ ነፋስ ሲሆን፣ የሚመለሰው ነፋሱ በበጋ አቅጣጫውን ሲለውጥ ነው። በዚህ ስሌት 255 ዓመት 510 ተራ ይሆናል፤ ከየሓ እስከ አርማህ ያለው ከ1,300 ዓመት የሚበልጥ ዘመን ግን ከ2,600 ተራ ያልፋል። አንዱን ተራ አምስት ዓመት ብናደርገው ደግሞ ሃያ ዓመት የነገሠ ንጉሥ በአራት ተራ ያልቃል፣ የመርከቡና የነጋዴውም ነገር ከንቱ ይሆናል።

ከ270 የጀመርነው ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ ገንዘብ ያስመታው በዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረው የፋርሱ የሃይማኖት መሪ ማኒ አክሱምን ከሮምና ከፋርስ ጋር ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት እንደ አንዷ መቁጠሩ ይነገራል፤ ተጫዋቹ እንዲቀመጥ የፈለግሁት በዚህ ወንበር ላይ ነው። በዒዛና ዘመን በሳንቲሙ ላይ ያለው ጨረቃ በመስቀል ሲተካ ማየት ለእኔ ከየትኛውም ጦርነት ይበልጣል። መጨረሻው ንጉሥ ካሌብ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ወደነበረው የሂምያር መንግሥት የዘመተበት 525 ነው። ከዚያ ወዲያ የአክሱም የጦር አዛዥ የነበረው አብርሃ የሂምያርን ዙፋን ያዘ፣ ፋርሶችም የመንን ወሰዱ፤ በሙከራ የተጫወቱልን ወጣቶች ምንም ቢወስኑ የማይመለስ ውድቀት ሲገጥማቸው ጌሙን እየተዉ ተነሡ።

የሓን የተውኩት በንቀት አይደለም። ታሪክ ያስተምር የነበረው አባቴ በልጅነቴ እዚያ ወስዶኝ ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ ሥር ቆሜአለሁ። ነገር ግን ከዚያ ዘመን የደረሱን ጽሑፎች ጥቂት ናቸውና በየተራው ለሚሰጥ ውሳኔ የሚበቃ የነገሥታት ታሪክ አላገኘንም፤ ክፍተቱን በፈጠራ ሞልቼ ታሪክ ነው ብዬ ልሸጥላችሁ አልደፈርኩም።

የገንዘቡም ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ በዶላር የምንከፍልባቸው ፕሮግራሞች ዋጋ በብር ሲሰላ በጣም ናረ። አምስታችንም ቢሮ ለቅቀን በእኔ ሳሎን ሠርተን ጨረስነው እንጂ አስቀድማችሁ በከፈላችሁት ላይ አንድ ብር አልጨመርንም። በመጀመሪያው ሥራችን ጊዜ፣ ማንም ሳያውቀን የገዛችሁን እናንተ ስለሆናችሁ ይህን ልደብቃችሁ አልወደድኩም።

ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚፈልግ ደንበኛ እስከ ጥቅምት 30 ይጻፍልን፤ ያለ ጥያቄ እንመልሳለን። ከመጻፋችሁ በፊት ግን፣ ብትችሉ፣ የካሌብ መርከቦች እስኪነሡ ድረስ ተጫወቱት። ስለን የጨረስነውን የየሓ ካርታ ደግሞ ለመጎብኘት ብቻ በሚሆን መልኩ ለሁላችሁም ያለ ክፍያ እንልካለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት