መኪናውን ከኋላ ወንበር ጀምረሽ እዪው

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት እንደ አየሩ ነው፤ ሲበርድ ታማርራለች፣ ፀሐይ ሲወጣ ትረሳዋለች።

ከሐዋሳ ጠቅልላችሁ እስክትመጡ የምትገዙትን መኪና እንድመለከትልሽ ባልሽኝ መሠረት ሜትሬን ኪሴ ከትቼ ከለገሃር እስከ ቦሌ መንገድ ያሉ መሸጫዎችን ዞርኩ። ሻጮቹ ስለ ስክሪኑ ሲያወሩ እኔ የኋላውን በር ከፍቼ እገባለሁ። ግራ ይገባቸዋል። ሰው ሁሉ ጋቢና ገብቶ መሪ ጨብጦ ነው መኪና የሚመርጠው፤ ከኋላ የሚቀመጠውን ማን ይጠይቀዋል?

ባለቤትሽ ትልቅ ካልሆነ አይመቸንም ብሏል፤ አንቺ ትንሿ ትበቃናለች ትያለሽ። በቪትዝ ዘመን ቢሆን ለእሱ እፈርድ ነበር። ያኔ ትንሽ መኪና ማለት ጉልበትሽ የፊተኛውን ሰው ጀርባ ሲገፋ መዋል ነው። አንዳንዱ ቪትዝ የኋላ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ግን ለጉልበትሽ ያገኘሽውን ከዕቃ መጫኛው ላይ ነው የምትቀንሺው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ቦታ ስለማይፈጅ ጎማዎቹን ወደ ዳርና ዳር ይገፏቸዋል፣ መሃሉ ለሰው ይተርፋል።

ቢዋይዲ ዶልፊን የምትባለው ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2.70 ሜትር ናት። ባለቤትሽ የሚያደንቃት የቶዮታ ራቭፎር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነችው ሞዴል፣ 2.69 ናት። አዎ፣ ትልቋ ታንሳለች! በጠቅላላ ርዝመት ግን ራቭፎር 4.60 ሜትር ስትሆን ዶልፊን ረጅሙ ሞዴሏ እንኳ 4.29 ነው። ትርፉ የሄደው ለሞተሩና ለሻንጣው ነው። የዚያው የቢዋይዲ ኤስዩቪ (ከፍ ያለችዋ መኪና)፣ ዩዋን ፕላስ፣ 2.72 ናት። ከዶልፊን ጋር ያላቸው ልዩነት የአንድ ጣት ነገር ነው። ስለዚህ «ትልቅ ስለሆነ እግሬን እዘረጋለሁ» የሚለውን ነገር እንዲተወው ንገሪው።

ልዩነቱ በወርድ ነው። ዶልፊን 1.77፣ ዩዋን ፕላስ 1.875 ሜትር። አሥር ሳንቲሜትር ለሁለት ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ለሦስተኛው ግን ትከሻውን ወደፊት አጥፎ መቀመጥና ደገፍ ብሎ መቀመጥ ማለት ነው። የእናንተን ነገር ደግሞ አስቢው፤ ግራና ቀኝ ሁለት የልጅ ወንበር ይታሰራል። መሃል የሚቀረው ቦታ ለአንቺ ለቀጭኗ እንኳ በትንሿ መኪና ከባድ ነው፣ በሰፊዋም ቢሆን ሐዋሳ ድረስ አትዘልቂበትም። ከዶልፊን የምታንሰውን የቢዋይዲ ሲጋልን ጭራሽ ከሐሳብሽ አውጫት፤ ለቻይና ገበያ የምትሠራዋ ለአራት ሰው ብቻ የተሠራች ናት።

የትንሿ ልጅሽ ወንበር ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ የምትቀመጥበት ነው አይደል? እሱ ነው ዋናው ቦታ በላተኛ። ከፊቱ ያለውን ወንበር ወደ ዳሽቦርዱ ይገፋዋል። ከሹፌሩ ኋላ ብታስሪው ባልሽ ያን ቁመቱን ይዞ መሪ ስር ይታጠፋል፤ ከጋቢናው ኋላ ብታስሪው ደግሞ እዚያ የምትቀመጠው እናትሽ ናት። ጉልበቷን ማጠፍ አትችልም። ይህን በሜትር ለክቼ ልጨርሰው አልቻልኩም፤ ወንበሩ ራሱ መምጣት አለበት።

እናትሽን ለአንድ ቀን ይዣት ሄጄ ነበር። ዶልፊን ውስጥ ለመግባት ዝቅ አለች፣ ለመውጣት የበሩን ዳር ይዛ «እስቲ እጅህን» አለችኝ። ዩዋን ፕላስ ላይ ጎኗን አዙራ ቁጭ አለች፣ እግሯን አስገባች፣ አበቃ። ወንበሩ ከዳሌዋ እኩል ነበር። ስትወርድም ማንንም አልጠራችም። ለእሷ ዓይነት ሰው የኤስዩቪ ጥቅሙ ይሄ ከፍታ ነው። ከፍታው ከዳሌ ካለፈ ደግሞ መወጣጫ ይፈልጋል፤ ላንድክሩዘር ላይ ስትወጣ አይተሻት የለ?

ከኋላ ስትቀመጪ ጭንሽን እዪ። ባትሪው ወለሉ ስር ስለሆነ ወለሉ ከፍ ይላል፤ እግር የሚከለክል ጉብታ መሃል ላይ አለመኖሩ ደስ ቢልም ጉልበት ወደ ላይ ይነሳና ጭን ከወንበሩ ይለቃል። ይህ በትንሿም በትልቋም አለ። የመስታወት ጣሪያ ያላቸው ላይ ደግሞ ባለቤትሽ ጭንቅላቱን ያስለካ፤ መስታወቱና መጋረጃው ከላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ይወስዳሉ። የአዲስ አበባን የቀትር ፀሐይም አስቢበት።

የዕቃው ነገር ብዙ አያስጨንቅም። ዶልፊን 345፣ ዩዋን ፕላስ 440 ሊትር። የልጅ ጋሪና የመርካቶ ዕቃ ሁለቱም ይይዛሉ። ጤፍ ስትጭኚ ግን ኤስዩቪው የሻንጣው አፍ ከፍ ስለሚል ማዳበሪያውን የሚያነሳልሽ ሰው ትፈልጊያለሽ።

ሻጩ ለሙከራ ይዞኝ ሲወጣም ከኋላ ነበርኩ። አዲሱ አስፋልት ላይ ሁለቱም ይንሳፈፋሉ፣ አትለያቸውም። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ እኛ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ግን ነገሩ ተገለጠ። ኤስዩቪው ከመሬት ከፍ ስለሚል ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ትልቁ ልጅሽ ደግሞ መኪና ያስመልሰዋል። ትንሿ መኪና አትወዛወዝም፣ ግን ዝቅ ስለምትል ፍጥነት መቀነሻው ላይ ሆዷ እንዳይነካ ሹፌሩ ይሳቀቃል።

የግቢያችንን በርም ለካሁት፤ 2.30 ሜትር ነው። ዩዋን ፕላስ መስታወቷን ካጠፈች ትገባለች። ገብታ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጎን ስትቆም ግን የኋላ በሯ ግማሽ እንኳ አይከፈትም፤ በዚያ ክፍተት ልጅ አቅፈሽ ጎንበስ ብለሽ ቀበቶ ማሰር አትችዪም። ዶልፊንን ብታቆሚ ትችያለሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ በአዘቦቱ የምትሄዱት አራት ናችሁ፣ ዶልፊን ትበቃችኋለች። እሁድ ጊዮርጊስ የምንሄድ ቀን እናትሽን ጋቢና አስቀምጫት፣ እኔ ራይድ ጠርቼ እመጣለሁ። እናትሽ ግን ሐሳቤን አልተቀበለችም፤ ከትልቋ ወርዳ እጅ አለመለመኗን ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። እሷንም አልፈርድባትም።

ለማንኛውም እስክትመጡ ቀብድ አልከፍልም። ሁለቱንም የልጅ ወንበሮች ከዕቃ ጋር በጭነት እንዳትልኪያቸው፣ ይዛችኋቸው ኑ። መሸጫው ድረስ ሄደን አስረናቸው፣ ባለቤትሽ መሪ ይዞ፣ እናትሽ ጋቢና፣ አንቺ መሃል ገብተሽ በሩ ሲዘጋ እናያለን።

አባትሽ