የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የተላቀቀ ሕዋስ ሁሉ አይዛመትም

ክበባችን ዘንድሮ 34 አባላት ነበሩት። ችግኝ ተከላውና የጥያቄና መልስ ውድድሩ እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። የቀረው ጊዜ ግን ለአንድ ጥያቄ ዋለ፦ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙ ፕሮቲኖች ካንሰር ሲያድግና ሲዛመት ምን ይሆናሉ?

የተጀመረው ከጉንጭ ሕዋስ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ጉንጭ ውስጡን ጥጥ በተጠቀለለበት ስቴኪኒ ይጠርግና ስላይድ ላይ ይቀባዋል። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ይጨምራል፤ ከ2 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ቀለም በሶፍት ጫፍ ይመጥጣል፤ ከዚያ ከቨር ስሊፑን (ስሱን መሸፈኛ መስታወት) አዘንብሎ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ከቨር ስሊፑ ቀጥ ብሎ ከወደቀ አየር ይታፈናል። ዙሪያው የጠቆረውን ክብ አረፋ ሕዋስ ብለው የሳሉ ጥቂት አልነበሩም። በጠርሙስ የመጣው 1 በመቶ ቀለም እንዳለ ሲጨመርም ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆኖ ኒውክለሱ ይጠፋል፤ በአምስት እጥፍ ውሃ ሲቀጥን ጠራ። በ400 እጥፍ ማጉያ የሚታየው ክብ ስፋቱ ወደ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ የጉንጭ ሕዋስ 60 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ ጎን ለጎን ሰባት ቢደረደሩ ክቡን ይሞላሉ። ያገለገለ ስላይድና ስቴኪኒ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ይህችን ማንም እንዳይዘላት።

የጉንጭ ሕዋስ አንድ ጉድለት አለው፦ ተጠርጎ የሚወጣው ድሮውንም ሊረግፍ የደረሰው የላይኛው ንጣፍ ነው። ስለዚህ መያያዝን ለማየት ወደ ድንች ዞርን። 1 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው ኩቦች በሦስት ዕቃ ተቀቀሉ፤ በእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ አለ። የመጀመሪያው ባዶ ውሃ ነው፤ ሁለተኛው 1 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ሦስተኛው 1 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ተጨመረበት። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 15 ደቂቃ አልበቃም፤ 20 ደቂቃ አስፈለገ። የሶዳው ድንች በማንኪያ ሲነካ ፈረሰ፤ በአዮዲን ሲታይ ሕዋሶቹ አንድ በአንድ ተላቀው፣ ግን ሳይቀደዱ፣ ስታርቻቸውን እንደያዙ ተገኙ። የካልሲየሙ ኩብ እንደቆመ ቀረ። አንድ ቡድን ሶዳውንና ካልሲየሙን አንድ ላይ ጨምሮ ነጭ ዝቃጭ ብቻ አገኘ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ካልሲየም ካርቦኔት ሆነው ይዘቅጣሉና።

የድንች ማያያዣ ፔክቲን የተባለ የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ፕሮቲን አይደለም። ከድንቹ የሚወሰደው ትምህርት ካልሲየም በሕዋስና በሕዋስ መካከል ሥራ እንዳለው ብቻ ነው። በእንስሳት ዘንድ የማያያዙን ሥራ በካልሲየም የሚሠራው ካድሄሪን የተባለው የፕሮቲን ቤተሰብ ነው፤ ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለይቶ አውጥቶታል። ቆዳንና የአንጀት ግድግዳን የመሳሰሉ ንጣፎችን የሚያያይዘው ኢ-ካድሄሪን ከሕዋሱ ውጭ አምስት ቁራጭ አለው፤ ካልሲየም በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ተቀምጦ ቀጥ ያደርገዋል። ካልሲየሙ ሲወጣ ይልፈሰፈሳል፤ መያያዙም ይላላል።

ይህን በሰልፍ ሜዳ ላይ 20 ተማሪዎች በአካል አሳዩት። መጀመሪያ የታሰበው ሞዴል በቬልክሮ ነበር፤ ተጣለ። ቬልክሮ መንጠቆና ጸጉር ነው፤ ጭጎጎትም ከበግ ጸጉር እንጂ ከጭጎጎት ጋር አይጣበቅም። ኢ-ካድሄሪን ግን የሚይዘው አቻውን ነው። ስለዚህ እጅ ለእጅ መያያዝ ተመረጠ፦ እጅ ካድሄሪን፣ መሬት የረገጠ እግር ኢንቴግሪን (ሕዋስን ከተቀመጠበት ንጣፍ ጋር የሚያያይዘው ፕሮቲን)፣ ወገብ ላይ የታሰረው ነጠላ ቤታ-ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን። ነጠላው ሁለት ሥራ አለው። ከካድሄሪን ጋር ታስሮ ሳለ ሕዋሱን ከውስጥ አጽሙ ጋር ያገናኛል። ተፈቶ ሲቀር ደግሞ ጤናማ ሕዋስ ይሰባብረዋል፤ በብዙ የአንጀት ካንሰር እንደሚታየው ሰባሪው ከተበላሸ ግን ኒውክለስ ገብቶ የዕድገት ዘረ መሎችን ይቀሰቅሳል። ጎረቤቱን መያዝና ማደግ የተሳሰሩበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

በሚኒ ሚዲያ የተነበበው የመጀመሪያ ጽሑፍ "ካድሄሪን ሲጠፋ ካንሰር ይዛመታል" ይል ነበር። ታረመ፤ ግማሽ እውነት ነውና። የሚደግፈው ማስረጃ ጠንካራ ነው፦ በ1998 (እ.ኤ.አ.) በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰቦች ውስጥ በዘር የሚወርድ የጨጓራ ካንሰር ምክንያቱ የኢ-ካድሄሪን ዘረ መል ጉድለት ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን እግሩ ከመሬት የተነሳ ጤናማ ሕዋስ ራሱን ይገድላል፤ ይህ ሞት አኖይኪስ ይባላል፣ ቤት አልባነት እንደማለት ነው። የካንሰር ሕዋስም ብቻውን ደም ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በአይጦች ላይ በታተመ ጥናት ተያይዘው በዘለላ የሚጓዙት ብቻቸውን ከሚጓዙት ከ23 እስከ 50 እጥፍ የበለጠ አዲስ ዕጢ የመመሥረት አቅም አሳይተዋል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በበርካታ የጡት ካንሰር ሞዴሎች ኢ-ካድሄሪን ሲወገድ ሕዋሶቹ ወረራቸው ጨመረ፤ ሩቅ ደርሰው መብቀል ግን አቃታቸው። የሜዳው ትርኢትም በዚሁ ተስተካከለ፦ እጅ የለቀቁት ተማሪዎች ሮጠው ወጡና ብዙዎቹ ወደቁ፤ አራት ሆነው የተያያዙት ዳር ደረሱ።

የተዛመተው ካንሰር የት ይበቅላል ለሚለው እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፔጀት በ1889 (እ.ኤ.አ.) የ735 የጡት ካንሰር ሟቾችን መዝገብ አይቶ ዘርና መሬት፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሱና የሚያርፍበት አካል፣ መስማማት አለባቸው ብሏል። የጤፍ ማሳ በከብት ሲረገጥ ላየ የጎጃም ልጅ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። አዲሱ ነገር ዕጢው ዘሩ ሳይደርስ መሬቱን የሚያለሰልሱ ጥቃቅን ከረጢቶች መላኩ ነው፤ በላያቸው ያለው ኢንቴግሪን አልፋ-6 ቤታ-4 ከሆነ ሳንባ፣ አልፋ-ቪ ቤታ-5 ከሆነ ጉበት ላይ ያርፋሉ። "ታዲያ ኢንቴግሪንን ለምን አይዘጉትም?" የሚል ጥያቄ ከ10ኛ ክፍል መጣ። ተሞክሯል፦ ሲሌንጊታይድ የተባለው ኢንቴግሪን የሚዘጋ መድኃኒት በአንጎል ካንሰር ላይ በትልቅ ሙከራ ዕድሜ አላራዘመም።

ብዙ ሰው የቆመበት ፖስተር ስለ ሎቡላር የጡት ካንሰር የተሠራው ነበር። ከወራሪ የጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶው ይህ ነው፤ አብዛኛው ኢ-ካድሄሪን የለውም። ሕዋሶቹ እጅ ለእጅ ስላልተያያዙ ክብ ዕጢ ከመሥራት ይልቅ አንድ በአንድ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይገባሉ። በፓቶሎጂ (ከዕጢው በተወሰደ ናሙና) ምርመራ ኢ-ካድሄሪን ያለበት ሕዋስ ጠርዙ ቡናማ ይቀለማል፤ የሎቡላሩ ግን ሳይቀለም ይቀራል። በእጅ ሲዳሰስም ጠጣር እብጠት ላይገኝ ይችላል፤ የጡት ቆዳ መሰርጎድ፣ የአንዱ ጡት ቅርጽ መለወጥ ወይም መወፈር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት መሆኑ በፖስተሩ ግርጌ በትልቁ ተጽፏል።

ለሚቀጥለው ዓመት ተረካቢ፦ ሁለቱ ማይክሮስኮፖች መብራት ሲጠፋ በመስታወታቸው ይሠራሉ፤ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ፣ ፀሐይ ላይ ግን በቀጥታ አይዙሩ። የተረፈው ካልሲየም ክሎራይድ እርጥበት ስቦ ስለሚሟሟ ክዳኑ በሰም ታሽጓል፤ ሲከፈት በዚያው ቀን ይመዘን።