ግጥሙ አይነካም፣ ሰፈሩ ግን ይነካል? ለቢሮ ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለፊልም ቀረጻ የጠየቅነውን የድጋፍ ደብዳቤ ይመለከታል

የቢሮዎን ስም አልጻፍኩም፤ የእርስዎንም እንዲሁ። በስም ማጥፋት ተከስሼ ሌላ ቢሮ ደጅ መጥናት አልፈልግም። ደግሞ ሁለት አንቀጽ ሲያነቡ ስለማን እንደማወራ ይገባዎታል።

ነገሩን በማመልከቻ አቅርቤዋለሁ። በቅሬታ ሰሚ በኩል አቅርቤዋለሁ። በአማላጅም ሞክሬያለሁ፣ ምን ልዋሽዎ። መልሱ ሁሌም “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” ነው። ስብሰባው ካለቀ እነሆ፣ በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

ጉዳዩን ላስታውስዎ። በንጉሡ ዘመን የተጻፈ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት አለ። የጭሰኛ ልጅና የባለርስት ልጅ ይዋደዳሉ። ጭቃ ሹሙ መሃል ይገባል። የልጁ ቤተሰብ ከመሬቱ ይነቀላል። ይህ ሁሉ በመሰንቆና በኦርኬስትራ እየታጀበ ይዘፈናል። እኛ ይህንን ተውኔት ፊልም ልናደርገው ተነሳን፤ ታሪኩንም ወደ ዛሬዋ ፒያሳ አመጣነው። ጭሰኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። ልጁ ራይድ ይነዳል። ጭቃ ሹሙ ደላላ ሆነ። ርስቱ ደግሞ ካርታ።

የደራሲው ወራሾች በጽሑፍ ፈቅደውልናል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾቹ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሥራዬ ተበላሸብኝ ብሎ የመቃወም መብትም የደራሲው እንጂ የቢሮ አይደለም። ይህንንም ያውቁታል።

ባለሙያዎ ግን ስክሪፕቱን በቀይ እስክሪብቶ አዥጎርጉረው መለሱልን። ከላይ “ይህ ክላሲክ ነው፣ አይነካም” ይላል። ከዚያ ዝርዝሩ ይቀጥላል። ልጁ ለምን ራይድ ይነዳል? መሰንቆ ባለበት ድራም ማሽን ምን ይሠራል? ጭቃ ሹሙን ደላላ ማድረግ “ላልተገባ ትርጉም ይዳርጋል”። የመጨረሻው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፦ ቤት የሚፈርስበት ትዕይንት ይውጣ፤ ቤተሰቡ እንደ ጥንቱ በባለርስቱ ይነቀል።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ጭሰኛ በባለርስት ሲነቀል ቅርስ ነው። ተከራይ ዛሬ ቤቱ ሲፈርስ ግን “ያልተገባ ትርጉም” ይሆናል። ደራሲው ያንን ተውኔት የጻፈው ባለርስቶቹ ከፊት ወንበር ተቀምጠው በሚያዩበት ጊዜ ነበር እኮ! እርስዎ ከባለርስቶቹ ይልቅ ፈሩት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። “እኛ አስተያየት ነው የሰጠነው” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሺ። አስተያየቱን ካልተቀበልኩ ደብዳቤው አይጻፍም። ደብዳቤው ካልተጻፈ ደንብ አስከባሪ ካሜራዬን ከመንገድ ያስነሳዋል። እንግዲህ ልዩነቱን እርስዎ ያስረዱኝ።

“ክላሲክ አይነካም” የምትለዋ ነገር ከየት እንደመጣች አይገባኝም። ከበደ ሚካኤል “ሮሜዎና ዡልዬት”ን በአማርኛ ሰጥተውናል። ያንኑ ታሪክ አሜሪካኖቹ ከቬሮና አንስተው ኒውዮርክ ጣሉት፤ ሁለቱን ባላባት ቤተሰቦች የጎረምሳ ቡድን አደረጓቸውና “ዌስት ሳይድ ስቶሪ” ብለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ብሮድዌይ መድረክ ላይ አወጡት። በ1961 ፊልም ሆነ። አሥር ኦስካር ወሰደ። በ2021 ደግሞ ስቲቨን ስፒልበርግ እንደገና ሠራው።

እና ስፒልበርግ ከክላሲኩ ምን ነካ? ብዙ። በ1961ዱ ፊልም የፖርቶሪኮዋን ማሪያን የተጫወተችው ናታሊ ዉድ ነበረች፤ ዘፈኑን የዘፈነችላት ደግሞ ማርኒ ኒክሰን። ነጮቹ ተዋንያን ፊታቸውን በቀለም እያጠየሙ ነበር የሚገቡት። በ2021 እነዚያን ቦታዎች የላቲን ዘር ያላቸው ተዋንያን ያዙ፤ ራሳቸው ዘፈኑ። ስፓኒሽ ሲናገሩ ከሥር ትርጉም አይጻፍም፣ የገባው ይግባው ተባለ። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ተቀያየረ። በ1961ዱ ፊልም ሁለቱ ፍቅረኞች የሚጋሩትን አንድ ትልቅ ዘፈን አንዲት አሮጊት እንድትዘፍነው ተደረገ። አሮጊቷን የተጫወተችው ሪታ ሞሬኖ ናት፤ በ1961ዱ ፊልም አኒታን ሆና ኦስካር የወሰደችው። የግጥሙ ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም ራሱ ከግጥሞቹ አንዳንዶቹን እንደማይወዳቸው በአደባባይ ሲናገር ነው የኖረው። ማንም የመንግሥት ባለሙያ “ኧረ ተው፣ ክላሲክ ነው” አላለውም።

ወደ እኛም ልምጣ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ሲያመጡ አንድ የነሐስ ባንድ አብሮ መጣ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የኛን ዜማ ለኦርኬስትራ ሲያቀነባብሩ ኖሩ። ባለሙያዎ “ባህላዊ” የሚሉት የዚያ ተውኔት ሙዚቃ ይኸው ነው፤ ትራምፔትና ሳክስፎን ያለበት። እኛ ቅኝቱን አልነካንም። በአንቺ ሆዬ የተሠራው ዛሬም አንቺ ሆዬ ነው፣ በትዝታ የተሠራውም ትዝታ። ያሳጠርነው ርዝመቱን ነው። መድረክ ላይ ዘፋኟ ቆማ ስንኝ በስንኝ ላይ ብትደርብ ያምራል፣ አዳራሹ አብሯት ያጨበጭባል። ካሜራ ግን ፊቷ ላይ ተለጥፎ ያን ያህል ከቆየ ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ አዝማቹን ይዘን ገሚሱን ስንኝ ንግግር አደረግነው። መሰንቆውም አለ። ድራም ማሽኑ የሚገባው ራይዱ ውስጥ ነው፣ ከመኪናው ቴፕ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሥራ ክርክር ነው፤ በክርክር ብሸነፍ ቅር አይለኝም። ቅር ያለኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

በዚያ ተውኔት መሪዋን ሴት ይጫወቱ የነበሩ እናት በሕይወት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እንደኔ ቢሮ ለቢሮ እንዲንከራተቱ አልፈልግም። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር የሚኖሩት። የፊልሙን መዝጊያ ዘፈን እሳቸው፣ በገዛ ደጃፋቸው፣ ጎረቤቶቻቸው ከበዋቸው እንዲዘፍኑ ነበር ያሰብነው። እሳቸውም ድምፃቸውን ማሟሸት ጀምረው ነበር። የጠየቅንዎት ደብዳቤ ለዚያች ቀን ነበር። አንድ ቀን ቀረጻ፣ አንድ ግቢ፣ ትራፊክ የሚዘጋ ነገር እንኳ የለውም።

“ይታያል” ተባልን። ፋይሉ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሄደ። ባለሙያዋ የወሊድ ፈቃድ ወጡ፣ ተተኪው ሥልጠና ገቡ። በዚህ መሃል 2016 ዓ.ም. ደረሰ፤ የፒያሳ ፈረሳ መጣ፣ ዶሮ ማነቂያም ሄደ። እኒያ እናት ዛሬ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ሊፍት የለውም፤ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይወድም።

ከፈረሳው በኋላ ከቢሮዎ ደብዳቤ ደረሰን። ቃል በቃል ልጥቀስልዎ፦ “በስክሪፕቱ የተጠቀሰው የቀረጻ ቦታ በአሁኑ ወቅት በስፍራው የማይገኝ በመሆኑ ሎኬሽኑ ተስተካክሎ በድጋሚ እንዲቀርብ።”

የማይገኝ በመሆኑ! ስንጠይቅዎ እኮ ይገኝ ነበር። ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ሲፈርሙ ትንሽ አልከበደዎትም?

የልማቱን ነገር እዚህ አልከራከርም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ነው። ሰፈር በሌላውም አገር ይፈርሳል። “ዌስት ሳይድ ስቶሪ” የተቀረጸበት የማንሃተን ሰፈር ራሱ ለሊንከን ሴንተር ግንባታ ተብሎ ፈርሷል። የ1961ዱ ፊልም ሰዎች ግን ሊፈርስ በተለቀቀው በ68ኛው መንገድ ላይ ቀድመው ደርሰው ከመክፈቻው ጭፈራ ከፊሉን ቀረጹ። ግንቡ ቢሄድም ፊልሙ ላይ አለ። ከ60 ዓመት በኋላ ስፒልበርግ ሲመጣ ደግሞ ፊልሙን በዚያው ፍርስራሽ ከፈተው፤ የማፍረሻው ብረት ኳስ ሳይቀር ይታያል። ዶሮ ማነቂያን እንዲህ ለማስቀረት የሚያስፈልገው የእርስዎ አንድ ፊርማ ነበር። ገንዘብ አልጠየቅንዎ፣ ጄኔሬተር አልጠየቅንዎ።

አሁን ደግሞ ያው ቢሮ ቤት የሚፈርስበትን ትዕይንት አውጡ ይለናል። ደጃፉን በመዘግየት ወሰዳችሁብን፤ መፍረሱን መናገርም በቀይ እስክሪብቶ ልትወስዱብን ነው።

የአገራችን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት፣ የተክለ ሐዋርያት “ፋቡላ”፣ በእንስሳት እያስመሰለ የሹማምንቱን ጉድ ስለተናገረ ታግዷል። ያኔ ቢያንስ ተውኔቱ መድረክ ላይ ከታየ በኋላ ነው የታገደው። የእርስዎ ባለሙያ ስክሪፕቱን እስከ መጨረሻው ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ፤ ከገጽ 60 በኋላ አንድም ቀይ መስመር የለም።

የምጠይቀው ይህን ነው። የድጋፍ ደብዳቤው ያለ ቅድመ ሁኔታ ይጻፍልን። እምቢ ካሉም እምቢታዎን በጽሑፍ፣ በፕሮቶኮል ቁጥርና በማኅተም ይስጡኝ፤ የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ ላይ ቆመው እንደከለከሉ ተጠቅሶ። በስልክ “ተነጋገሩና ጨርሱ” የሚባል መልስ አልቀበልም። ከማን ጋር እንደምነጋገርም አላውቅም፣ ሁሉም ስብሰባ ላይ ነው።

ቀረጻው ጥቅምት ላይ ይጀመራል። መንገድ ከተከለከልን የግለሰብ ግቢ ተከራይተን እንቀርጻለን። እኒያን እናት አራተኛ ፎቅ ድረስ ሄደን፣ በወንበር ተሸክመን እናመጣቸዋለን። ልጁ ራይድ ይነዳል። ጭቃ ሹሙ ደላላ ነው። ቤት የሚፈርስበት ትዕይንትም አይወጣም።

ከሰላምታ ጋር፣
የፊልሙ ዳይሬክተር
አዲስ አበባ፣ አራዳ