ከቡድን ከወጡ በኋላ ያለው ከባዱ ጊዜ

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ከአክቲቪስት ቡድን ስለወጡ ሰዎች ሲጻፍ ክርክሩ ሁሌም «ለምን ወጡ?» ላይ ይቆማል። ሶሺዮሎጂስቷ ሄለን ኢቦ 185 ሰዎችን አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት፣ የቀድሞ ማንነትን መተው 4 ደረጃዎች አሉት፦ ጥርጣሬ፣ አማራጭ ፍለጋ፣ ቁርጥ ውሳኔ፣ ከዚያም «የቀድሞ» ተብሎ መኖር። በእኛ እይታ የሚያሰናክለው 4ኛው ነው።

ይህ መሰናከል በአነጋገር ይታወቃል፤ ከቡድኑ የወጣው ሰው ስለ ግል ምርጫው ተጠይቆ «እኛ» ብሎ ይጀምራል። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ በኩል ዛሬም የሚያምንበትን፣ በሌላው ጓዶቹ ስላሉ ብቻ ይለው የነበረውን መጻፍ ይረዳል። «ፍትሕ እፈልጋለሁ» የሚለው የራሱ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ «ከእኛ ያልሆነ ሁሉ ጠላት ነው» የሚለው ግን ወዲያ ማዶ ይሄዳል።

የሚያበላሸው ችኮላ ነው። ባዶነቱ አላስቀምጥ ሲል አንዳንዱ በሳምንቱ ተቃራኒው ጎራ ይገባል፤ መፈክሩ ተቀየረ እንጂ ሰውየው ያው ነው። ስብሰባ ይበላው የነበረውን ሰዓት አቋም በማይጠይቅ ነገር፣ በተለይ ከቡድኑ በፊት ይወደው በነበረው መሙላት ይሻላል። የድሮ ጓዶችን በጅምላ መቁረጥም አያስፈልግም፤ ትግሉን ሳያነሱ ማውራት የሚችሉት ይለዩ። ማስፈራሪያ ከመጣ ግን መልእክቱን ሳያጠፉ ይዞ ለሚታመን ሰው ማሳየት ይገባል።